የጃፓን ሲኒማና የቈራጮች መቀስ

ስለ ጃፓን ሲኒማ በሚነገርበት ጊዜ ብዙ ሰው የሚያነሣው የገንዘቡን ብዛትና የዝናውን ስፋት ነው። ይህን ያህል ሚሊዮን ሕዝብ አየው፥ ይህን ያህል ሺህ ሚሊዮን የን አስገባ፥ የባዕድ አገር ልጆች ሁሉ ሥዕሉን በደብተራቸው ላይ ለጠፉት ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የነጋዴ ሒሳብ እንጂ የጥበብ ፍርድ አይደለም። ጥበብን የሚመረምር ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም አንድ ሥራ ከአገሩ ሲወጣ ምን ይዞ ወጣ፥ በመንገድስ ላይ ምን ተወሰደበት የሚለው ነው። የጃፓን ሲኒማ ታሪክ በብዙ ወገን የመቀስ ታሪክ ነውና። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅ።

ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ጃፓንን በመጽሐፍ ካወቋት ብዙ ዘመን ሆኗል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደዚያች አገር ከሄዱ በኋላ፥ በማግሥቱ ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በዚያን ጊዜ የጃፓን ስም የሚነሣው በመንግሥቷ ሥርዓት፥ በትምህርት ቤቶቿና በፋብሪካዎቿ ነበር። የዛሬ ልጅ ግን ጃፓንን አስቀድሞ የሚያውቃት በሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በተጓዙበት በዚያው ዓመት በጃፓን ሲኒማ ውስጥ ትልቅ ለውጥ ይደረግ ነበር። እስከዚያ ድረስ ፊልሙ ድምፅ አልነበረውም፤ ስለዚህ በየሲኒማ ቤቱ «ቤንሺ» የሚባል ተራኪ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ፥ የሽማግሌውንም የልጂቱንም ንግግር ድምፁን እየለዋወጠ ይናገር፥ ሕዝቡ ያልተረዳውንም የባዕድ አገር ልማድ ይፈታ ነበር። ከቤንሺዎቹም አንዳንዶቹ እጅግ የታወቁ ስለ ነበሩ፥ ሕዝቡ ፊልሙን ለማየት ሳይሆን እነርሱን ለመስማት ይሄድ ነበር። በ1931 ንግግር ያለበት የጃፓን ፊልም ተሳክቶ በወጣ ጊዜ የነዚህ ሰዎች እንጀራ ይቋረጥ ጀመር። የታላቁ የፊልም አዘጋጅ የአኪራ ኩሮሳዋ ወንድም ሄይጎ ከቤንሺዎቹ አንዱ ነበር፤ እርሱም በ1933 በገዛ እጁ ሞተ።

የኢትዮጵያን የመጻሕፍት ጉባኤ የሚያውቅ ሰው የቤንሺን ሥራ ለመረዳት አይቸገርም። ንባቡ ንባብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ትርጓሜው ከአጠገቡ ይቆማል፤ አንድም እያለ ያሰፋዋል እንጂ ከንባቡ አንዲት ፊደል አይፍቅም። ቤንሺም እንዲሁ ነበር። ያስቅ፥ ያስለቅስ፥ አልፎ አልፎም ከመጠን በላይ ያበዛ ይሆናል፤ ፊልሙን ግን አልቈረጠውም። ይህን ልዩነት በልብ ማሳደር ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡት ተርጓሚዎች ሁሉ እንደ ቤንሺ አልነበሩምና።

የመጀመሪያው መቀስ የመንግሥት መቀስ ነው። በ1939 የወጣው የጃፓን የሲኒማ ሕግ፥ ፊልም ገና ሳይሠራ ጽሑፉ ለመርማሪዎች እንዲቀርብ አዘዘ። ያሱጂሮ ኦዙ ከቻይና ዘመቻ ተመልሶ ያቀረበው ጽሑፍ የወደቀበት ምክንያት ሲሰሙት ያስቃል፤ ሲያስቡት ግን ያሳዝናል። በታሪኩ ውስጥ ወደ ጦርነት የሚሄድ ባል ከሚስቱ ጋራ በስንብት ሌሊት የሚበላው ሻይ የፈሰሰበት ተራ ሩዝ ነው። መርማሪዎቹ ግን ለዘማች የሚገባው በደስታ ቀን የሚበላው ቀይ ሩዝ ነው፥ ይህ ነገር ለዘመኑ ክብር አይመጥንም አሉ። ኦዙም ሩዙን ከመለወጥ ፊልሙን መተው መረጠ፤ ታሪኩን በሌላ መልክ አድርጎ የሠራው በ1952 ነው። መርማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው የተራውን ሰው ማዕድ መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ጦርነቱ በ1945 ሲያልቅ መቀሱ ከጃፓን መርማሪ እጅ ወደ አሜሪካ ጦር መርማሪ እጅ ተላለፈ። ስለ ሎሌ ለጌታው መታመን፥ ስለ ሰይፍና ስለ በቀል የሚያወራ ፊልም ሁሉ ተጠረጠረ፤ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ስለ ሆነውም ነገር እንደ ልብ መናገር አይቻልም ነበር። ኩሮሳዋ በ1945 የሠራው «የነብሩን ጅራት የረገጡ ሰዎች» የተባለው ፊልም ለሕዝብ የታየው ከ7 ዓመት በኋላ በ1952 ነው። የውጭው ጦር አስተዳደር ያበቃውም በዚያው ዓመት ነው። «ጎጂራ» የተባለው ፊልም የተወለደው ከዚህ በኋላ በ2 ዓመት መሆኑን ሳያስታውስ ያንን ፊልም የሚመለከት ሰው፥ አውሬውን ያያል እንጂ ነገሩን አያይም።

በማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች የሃይድሮጅን ቦምብ ሞከረች። ከዚያ ርቆ ዓሣ ያጠምድ በነበረው «ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ» በተባለው የጃፓን መርከብ ላይ ነጭ ዐመድ ዘነበ። በመርከቡ የነበሩት 23 ሰዎች ታመሙ፤ ከነርሱም አንዱ በሴፕቴምበር 23 ቀን ሞተ። ቶሆ የተባለው ኩባንያ ያሠራው፥ ኢሺሮ ሆንዳም ያዘጋጀው «ጎጂራ» በኖቬምበር 3 ቀን በዚያው ዓመት ወጣ። ፊልሙ የሚከፈተው በባሕር ላይ በምትሄድ አንዲት መርከብ ነው፤ መርከበኞቹ ዐርፈው ሳሉ ድንገት ባሕሩ በብርሃን ይፈላና መርከቢቱ ትቃጠላለች። የቶክዮ ተመልካች ያየው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም።

የአውሬው ስም ጎሪላ ከሚለውና በጃፓንኛ ዓሣ ነባሪ ማለት ከሆነው ከ«ኩጂራ» የተገጣጠመ ነው። አውሬው በእውነቱ ከባድ ልብስ የለበሰ ሰው ነው፤ የሚረግጠውም ከተማ በኤይጂ ቱቡራያ ብልሃት የተሠራ ትንሽ ከተማ ነው። ድምፁን ያወጣው የሙዚቃው ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ ሲሆን፥ የኮንትራባስን ክር በሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት እያሸ ነው ያገኘው። ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው ይስቃል ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል። ግን አይስቅም። ሆንዳ ወታደር ሆኖ ብዙ ዓመት ካገለገለ በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ በፈረሰችው በሂሮሺማ በኩል ያለፈ ሰው ነው፤ የፈረሰ ከተማ ምን እንደሚመስል በወሬ አልሰማም።

የዚህ ፊልም ኀይል በጥፋቱ ውስጥ አይደለም፤ ከጥፋቱ በኋላ በሚመጣው ጸጥታ ውስጥ ነው። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ ከተማው ከተቃጠለ በኋላ ወዲያው ወደ ውጊያው በዘለለ ነበር። ሆንዳ ግን ተመልካቹን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ይገባል፤ በመሬት ላይ የተደረደሩትን ቍስለኞች ያሳያል፤ በአንዲት ሕፃን ላይ የጨረር መለኪያ ተይዞ መለኪያው ሲጮኽ ያሰማል። በሚነደው ከተማ ውስጥ አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ፥ ወደ ሞተው አባታቸው መሄጃቸው እንደ ደረሰ እየነገረች ታጽናናቸዋለች። እንዲህ ያለውን ማጽናኛ በአውሬ ፊልም ውስጥ የሚጠብቅ ማን ነው? በባቡር ውስጥም አንዲት ወጣት ሴት፥ ከናጋሳኪ ቦምብ በስንት መከራ ካመለጥሁ በኋላ ደግሞ ይህ መጣብኝ የሚል ነገር እንደ ቀላል ጨዋታ ጣል ታደርጋለች፤ የሰማትም ሰው እንደገና መሸሻ መፈለግ ሊኖርብን ነው ብሎ ያማርራል። ንግግሩ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ነገር ግን ለ7 ዓመት ያህል በአደባባይ እንዳይነገር ታግዶ የነበረው ነገር ይህ ነው፤ ወይዘሮዋም የተናገረችው በልቅሶ ሳይሆን ሥራ የሚሄድ ሰው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ነው።

ነቀፌታ የለበትም ማለት ግን አይደለም። በመካከሉ የገባው የአንዲት ልጃገረድና የሁለት ወንዶች የፍቅር ነገር ደካማ ነው፤ ልጃገረዲቱ ከአንዱ ምሥጢር ተቀብላ ለሌላው ከማድረስ በቀር ብዙ ሥራ የላትም። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ወንዶች አንዱ፥ አንድ ዓይኑን በጦርነት ያጣው ሊቅ ሴሪዛዋ፥ ፊልሙን ከአውሬ ተረት አውጥቶ ወደ ኅሊና ጥያቄ ያገባዋል። አውሬውን ሊገድል የሚችል መሣሪያ በእጁ አለ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከታየ መንግሥታት ሁሉ እንደሚሹት ስለሚያውቅ ሊያወጣው ይፈራል። በመጨረሻ ጽሑፉን በሙሉ በእሳት አቃጥሎ፥ መሣሪያውን ይዞ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ወደ ላይ የሚስበውንም ገመድ ራሱ በቢላዋ ይቈርጣል። ከዚያ በኋላ አረጋዊው ሊቅ ያማኔ፥ የቦምቡ ሙከራ ካልቀረ ሌላ ጎጂራ በሌላ ስፍራ ይነሣ ይሆናል ብሎ ለብቻው ያጕተመትማል። ድል አለ፤ የሚደሰት ግን የለም።

በ1956 ይህ ፊልም ወደ አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በገባ ጊዜ ርዝመቱ ከ96 ደቂቃ ወደ 80 ደቂቃ ወርዶ ነበር። ከዚያም በላይ ጃፓኖች ያልሠሩት ብዙ አዲስ ክፍል ተጨምሮበት ነበርና፥ ከዋናው ሥራ የቀረው ከዚህም ያንሳል። ሬይመንድ በር የተባለው ተጫዋች የአሜሪካ ጋዜጣ ወኪል ሆኖ ገብቶ፥ በጃፓኖች መካከል ሳይቆም እንደ ቆመ ተደርጎ፥ የሆነውን ሁሉ ይተርካል። በባቡር ውስጥ የነበረችው ሴት ወጥታለች። በምክር ቤቱ ውስጥ እውነቱ ለሕዝብ ይነገር፥ አይነገር ተብሎ የተደረገው ብርቱ ክርክር ወጥቷል። በመጨረሻም የያማኔ ማስጠንቀቂያ ቀርቶ፥ በስፍራው አደጋው አለፈ፥ ዓለምም እንደገና ትኖራለች የሚል የጋዜጠኛው መጽናኛ ቃል ገብቷል።

ጋዜጠኛው በአንድ በኩል ሲታይ አዲስ ቤንሺ ነው፤ ከሥዕሉ አጠገብ ቆሞ ላልገባው ሕዝብ ይተረጕማልና። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። ቤንሺው ተጫዋቾቹ ዝም ባሉበት ተናገረላቸው፤ ጋዜጠኛው ግን የሚናገሩትን ሰዎች ዝም አሰኝቶ ተናገረ። በዚህ በተቈረጠው ፊልም ውስጥ ጃፓኖቹ በቋንቋቸው ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ንግግራቸው አይተረጐምም፤ እንግዳው ሰው ጎን ያለው ባለሥልጣን በአጭሩ ይነግረዋል፤ ያ ብቻ ነው። የራሳቸው መከራ በተተረከበት ፊልም ውስጥ ጃፓኖቹ እንደ ባዕድ ሆኑ። የንግድ ሰዎቹ በክፋት አደረጉት ለማለት አይቻልም፤ የአሜሪካ ተመልካች የራሱን ሰው ካላየ አይገባም ብለው አስበው ይሆናል፤ ፊልሙም በዚህ መልክ በብዙ አገር ታወቀ። ነገር ግን ከብዙ ፊልም ውስጥ በአጋጣሚ የተወሰደ ክፍል ቢሆን ኖሮ፥ የወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ባልሆነ ነበር።

መቀሱ የባዕድ ብቻ ነው ብሎ መፍረድም ትክክል አይሆንም። ቶሆ ራሱ ከጥቂት ዓመት በኋላ አውሬውን ለገበያ አለዘበው። ጎጂራ በ1960ዎቹ ውስጥ ምድርን ከሌሎች አውሬዎች የሚጠብቅ የልጆች ወዳጅ ሆነ፤ በ1965 በወጣው ፊልም ውስጥም በዘመኑ ልጆች ዘንድ የታወቀ ጭፈራ ሲጨፍር ይታያል። የዐመዱና የ23ቱ ዓሣ አጥማጆች ነገር በዚህ ጭፈራ ውስጥ የት እንደ ገባ ኩባንያው የተጠየቀ አይመስልም።

ስለ ኩሮሳዋ ሥራዎች ነገሩ በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። «ራሾሞን» በ1951 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሲያገኝ፥ ፊልሙን ለውድድር የላከችው በቶክዮ የምታስተምር ጁሊያና ስትራሚጆሊ የተባለች ኢጣሊያዊት ስትሆን፥ ኩሮሳዋ መላኩን እንኳ አላወቀም ነበር። በ1954 የወጣው «ሰባቱ ሳሙራይ» 207 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን ለውጭ አገር ያጠረ ቅጅ ተላከ፤ በ1960ም አሜሪካኖች ታሪኩን ወስደው የከብት ጠባቂዎች ታሪክ አደረጉት። ኢጣሊያዊው ሴርጆ ሌዎኔ በ1964 ያወጣው ፊልም ከኩሮሳዋ «ዮጂምቦ» ያለ ፈቃድ የተወሰደ ስለ ነበረ ነገሩ ወደ ክርክር ደርሶ በዕርቅና በገንዘብ አለቀ። ታሪክ ከአገር ወደ አገር ቢሄድ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ኩሮሳዋም ራሱ «ማክቤዝ»ን ከሼክስፒር ወስዶ በ1957 የጃፓን ባላባት ታሪክ አድርጎ ሠርቷል። መውሰድና መቍረጥ አንድ አይደሉም። የወሰደ ሰው አዲስ ሥራ ይሠራል፤ ለሥራውም በስሙ ይጠየቃል። የቈረጠ ግን በሌላው ሰው ስም ይናገራል።

በሥዕል ሲኒማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት መቀስ አለ፤ እርሱም የገንዘብ ነው። የሕክምና ትምህርት ተምሮ ሠዓሊ የሆነው ኦሳሙ ቴዙካ በጃንዋሪ 1 ቀን 1963 «ቴትሱዋን አቶሙ» የተባለውን የብረት ልጅ ታሪክ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ማሳየት ጀመረ። ሙሉ እንቅስቃሴ ለአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ሥራ በሳምንት ሊደርስ አይችልምና፥ ቴዙካና ረዳቶቹ ቍጥሩን ቀነሱ፤ አንዱን ሥዕል ብዙ ጊዜ መለሱት፤ ፊቱ ቆሞ አፉ ብቻ እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። ከዚህ ድኽነት አንድ ጥበብ ተወለደ። የቆመ ፊት፥ የረዘመ ዝምታ፥ በአንድ ሥዕል ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ካሜራ ዛሬ የጃፓን ሥዕል ሲኒማ መለያ ተብለው ይደነቃሉ። ዳሩ ግን ከዚህ ጋራ ርካሽ ዋጋም አብሮ ተወለደ። ቴዙካ ፕሮግራሙን ሥራው ከሚያስወጣው ባነሰ ገንዘብ ሸጠው፤ በ1961 ያቋቋመው ድርጅትም በ1973 ከሰረ። ከዚያ ወዲህ ገና ጀማሪ የሆነው ሠዓሊ በሥዕል ቍጥር እየተከፈለው፥ ለአንዱ ሥዕል ጥቂት መቶ የን እየተቀበለ፥ ሌሊቱን ሲሥል እንዲያነጋ የሚያስገድድ ልማድ ጸንቶ ቀረ። የዓለም ልጆች የሚወዱት ውበት በማን ትከሻ ላይ እንደ ቆመ ሳይጠቅሱ ስለ ውበቱ ብቻ መጻፍ የብዙ ተቺዎች ጕድለት ነው። አቶሙ በዚያው በ1963 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ስሙ «አስትሮ ቦይ» ተባለ፤ በጃፓን ከታዩት 193 ክፍሎችም ወደ እንግሊዝኛ የተመለሱት 104 ናቸው።

ሃያዎ ሚያዛኪ በ1984 ያወጣው «የነፋሱ ሸለቆ ናውሲካ» ከዚህ የባሰ አገኘው። ታሪኩ ሰዎች በጦርነት ምድርን ካበላሹ በኋላ የበቀለውን መርዛም ጫካና በውስጡ የሚኖሩትን ታላላቅ ነፍሳት ትተርካለች ከተባለች አንዲት ልዕልት ጋራ የተያያዘ ነው፤ እርስዋ ሌሎች የሚጠሉትን ጫካ በትዕግሥት መርምራ ምድርን የሚያነጻ መሆኑን ታገኛለች። በ1985 በአሜሪካ ሲወጣ ከ20 ደቂቃ የሚበልጥ ተቈርጦ፥ ርእሱ «የነፋስ ተዋጊዎች» ተብሎ፥ ልዕልቲቱም ዛንድራ ተብላ ነበር። የተወሰደውም አብዛኛው ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው፤ ትዕግሥት የተወሰደባት ናውሲካ ደግሞ ከማንኛዋም ተዋጊ አትለይም። ከዚህ በኋላ የሚያዛኪ ወገኖች በ1985 ያቋቋሙት ጂብሊ የተባለው ድርጅት አንዲት ክፍል እንኳ እንዳትቈረጥ አጥብቆ መያዝ ጀመረ። በ1997 የወጣው «ልዕልት ሞኖኖኬ» ወደ አሜሪካ ሊሄድ ሲል፥ የድርጅቱ ሰው ቶሺዮ ሱዙኪ ለአሜሪካው አከፋፋይ እንዳይቈረጥ ከሚል ቃል ጋራ የጃፓን ሰይፍ አበረከተለት ይባላል። ፊልሙም ሳይቈረጥ ወጣ።

በ2001 የታየውና በ2002 በበርሊን የወርቅ ድብ፥ በ2003 ደግሞ የአሜሪካን የሲኒማ ማኅበር ሽልማት ያገኘው «የሴንና የቺሂሮ መሰወር» የ10 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ወላጆቿ ያልተሰጣቸውን ማዕድ በልተው ዓሣማ በሆኑ ጊዜ ልጅቱ በመናፍስት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሥራ ትለምናለች። የቤቱ እመቤት ጠንቋይቱ ውል ስታስፈርማት ከስሟ ፊደሎች አብዛኛውን በእጇ ከወረቀቱ ላይ ታነሣለች፤ የቀረው አንድ ፊደል ለብቻው ሲነበብ «ሴን» ይሆናል፤ ትርጓሜውም ሺህ ማለት ነው። ልጅቱ ስም ሳይሆን ቍጥር ተቀበለች። እውነተኛ ስሙን የረሳ ወደ ቤቱ መመለሻ የለውም። እርስዋን የሚረዳው ሐኩ የተባለው ልጅ ስሙን ረስቶ ጠፍቶ ይኖራል፤ በኋላም ሰዎች ቤት ሊሠሩበት የደፈኑት ወንዝ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ፊልም ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀው ሚያዛኪ መታጠቢያ ቤቱን ሲዖል አድርጎ አለመሣሉ ነው። ሥራው ከባድ ነው፤ ሠራተኞቹ ግን ይሳሳቃሉ፥ ይረዳዳሉ፥ ሩዝ ጠቅልለው ለተራበው ይሰጣሉ። ስምን የሚያስረሳው ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ ልማድም ያስረሳል። ልዕልቱ ዛንድራ የተባለችበት ሰው ይህን ሲጽፍ ያንን አስቦ ነው ብሎ መማል አይገባም፤ የሁለቱ ነገር መገጣጠም ግን ከዓይን አይሰወርም።

ስም መለወጥ ሁልጊዜ ጕዳት ነው ማለትም አይደለም። የዮይቺ ታካሃሺ ኳስ ተጫዋች ልጅ ቱባሳ፥ በ1981 ከተጀመረው የሥዕል መጽሐፍ ወጥቶ በኢጣሊያ ሆሊ፥ በእስፓኝ ኦሊቨር፥ በዐረብ አገሮች ማጂድ ተብሎ ሲኖር፥ የየአገሩ ልጆች የሰፈራቸውን ልጅ ያዩ መሰላቸው፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ፥ ለምሳሌ የእስፓኙ ፌርናንዶ ቶሬስ፥ ኳስን የወደዱት በርሱ መሆኑን ተናግረዋል። እዚህ ላይ የተለወጠው ስም ብቻ ነበር፤ ኳሱ ኳስ ነበር።

በ2023 የወጣው የታካሺ ያማዛኪ «ጎጂራ ማይነስ ዋን» ከ1954ቱ ወዲህ ለአውሬው የሚገባውን ፍርሃት ከመለሱለት ጥቂቶች አንዱ ነው። 35 ያህል ሰዎች የሠሩት የሥዕል ብልሃቱ በማርች 2024 የአሜሪካንን የሲኒማ ማኅበር ሽልማት አገኘ፤ በአሜሪካም በጃፓንኛ ቋንቋ፥ ትርጕሙ ከሥዕሉ ግርጌ እየተጻፈ፥ ሳይቈረጥ ታየ። ራሱን አጥፍቶ እንዲገድል ታዝዞ ከሞት የሸሸው አብራሪ፥ መንግሥቱ ያቃለለውን የሰው ሕይወት እንደገና መክበድ ሲማር የሚያሳየው ክፍል እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ፊልም ሳያስፈልገው የያዘው የራሱ መቀስ አለው። የዘመተው ሁሉ የተበደለ ሆኖ ይቀርባል፤ በዚያው ጦርነት በጃፓን ጦር እጅ የተሠቃዩት የቻይናና የሌሎች የእስያ ሕዝቦች አንድ ጥላ እንኳ የላቸውም። ከቈረጡት ነገር ይልቅ መጀመሪያውኑ ያልተቀረጸውን ማየት ለተመልካች ይከብዳል።

ያልተቀረጸና ያልተጻፈ ነገር ከሁሉ የከበደው ግን በዘፈንና በውዝዋዜ ንግድ ውስጥ ነው። ጆኒ ኪታጋዋ በ1962 ያቋቋመው ድርጅት ወንዶች ልጆችን ከትንሽነታቸው እየሰበሰበ፥ እያስተማረ፥ ለቴሌቪዥንና ለሲኒማ የሚያቀርብ ነበር። በ1999 «ሹካን ቡንሹን» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ይህ ሰው በእጁ ባሉት ልጆች ላይ የሚፈጽመውን ነውር ጻፈ። ሰውየው ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰ፤ በ2003 የቶክዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጽሔቱ ጽሑፍ በዋናው ነገር እውነት መሆኑን ፈረደ፤ በ2004ም የበላዩ ፍርድ ቤት ይግባኙን አልተቀበለም። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። ቴሌቪዥኖቹ የርሱን ዘፋኞች ይፈልጋሉ፤ ጋዜጦቹም ብዙዎቹ ከቴሌቪዥኖቹ ጋራ የተሳሰሩ ናቸው፤ ስለዚህ ፍርዱ በአንዳንዱ ዘንድ በጥቂት መስመር ታለፈ፥ በብዙው ዘንድ ጨርሶ አልተነሣም። ሰውየው በ2019 በታላቅ ክብር ተቀበረ። ነገሩ እንደገና የተነሣው በማርች 2023 የእንግሊዝ ራዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት በዚህ ላይ ፊልም ካሳየ በኋላ ነው፤ በሴፕቴምበር 7 ቀንም ድርጅቱ ራሱ በአደባባይ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ካሣ የተገባቸው ሰዎች በብዙ መቶ ይቈጠራሉ። ነገሩን እንዲመረምሩ የተሾሙት ከውጭ የመጡ ሊቃውንት ባወጡት ጽሑፍ የጋዜጦችንና የቴሌቪዥኖችን ዝምታ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ቈጠሩት።

የአንድን አገር መዝናኛ ዓለም በወደደው መጠን ወሰን የለሽ አድርጎ ማመስገን ዛሬ ልማድ ሆኗል፤ የጃፓን መንግሥትም ይህን ፍቅር ለንግድና ለወዳጅነት ማስፋፊያ አድርጎ ከያዘው ቆይቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን የነዚያን ልጆች ዘፈን የሰማው፥ ሥዕላቸውንም የገዛው በእስያም በሌላም አገር ያለ ሕዝብ፥ የቈረጠውን ሰው ሊያውቀው አልቻለም፤ የተቈረጠው ነገር ፊልም አልነበረምና።

የበላዩ ፍርድ ቤት ይግባኙን ባልተቀበለበት በዚያው በ2004፥ የ1954ቱ «ጎጂራ» ጋዜጠኛው ሳይጨመርበት፥ አንድም ክፍል ሳይወጣለት፥ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በሰፊው ታየ። በባቡር ውስጥ የተቀመጠችው ሴት ከናጋሳኪ እንዴት እንዳመለጠች ለባልንጀሮቿ ስትናገር፥ ቃሏ ከሥዕሉ ግርጌ ተተርጕሞ ተጽፎ ነበር። ቃሉ እዚያ ለመድረስ 50 ዓመት ፈጅቶበታል።